በራሱ የሚመጣው አፕዴት

ሞሉን ሦስት ወር ሙሉ ከቡሌ ሆራ ነጌሌ በአቧራ ያመላለስኩት እኔ ነኝ። ኮምፒውተሩ ምንም አልሆነም ነበር። ይህን ስናገር ዛሬም ፊቴ ይግላል።

ስሜ ኡርጂ ነው። በ2014 ዓ.ም.፣ ድርቁ በጠናበት ጊዜ፣ ነጌሌ ውስጥ ለተጎዱ ሕፃናት አልሚ ምግብ በሚያድል ድርጅት መዝጋቢ ነበርኩ። የእናቶቹን ስምና ስልክ፣ የልጆቹንም ክብደት በኢንተርኔት ወደ አዲስ አበባ አስተላልፋለሁ። ሞሉ ቡሌ ሆራ የተቀመጠ የድርጅቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። የእኛ መስመር ደካማ ስለነበር አፕዴቱን በፍላሽ ይዞ በሻኪሶ በኩል በየወሩ ይመጣ ነበር።

ሲገባ ሁሌም የሚለው አንድ ነው።

«አካም ኡርጂ፣ ናጋ?»

«ናጋ።»

«እሺ፣ ደግሞ ምን ተበላሸ?»

ከዚያ ከጎኔ ወንበር ይስባል። ተጭኖ እስኪያልቅ አንድ ሰዓት ይፈጃል። መጀመሪያ ስለ መንገዱ እናወራለን፤ ቀጥሎ ስለ ምንም። አንዳንዴ ዝም ብለን ስክሪኑ ላይ የሚሄደውን አረንጓዴ መስመር እናያለን። እውነቱን ለመናገር እኔ መስመሩን አላይም፤ ስክሪኑ ላይ የሚንጸባረቀውን ፊቱን ነበር የማየው።

አንድ ቀን «ይሄ አፕዴት የምትለው ግን ምን ያደርጋል?» አልኩት፤ ዝምታው ስለረዘመብኝ እንጂ ግድ ኖሮኝ አይደለም።

«ኢንተርኔት የምትከፍቺበት ብሮውዘር እንደ ቤት ነው» አለ። «የሠራው ሰው ያላየው ቀዳዳ አይጠፋውም። ሲያገኙት ይደፍኑትና አፕዴት ብለው ይልካሉ። ክፋቱ ግን፣ መድፈኛው ሲወጣ ቀዳዳው የት እንደነበር ሌባም ይሰማል። ያን ጊዜ ያልደፈነ ሰው ወዮለት።»

«ታዲያ አንተ ባትመጣ ወዮልኝ ማለት ነዋ?»

ሳቀ። ቀና ብሎ አየኝና ሳቁን ሳይጨርስ ዓይኑን ወደ ስክሪኑ መለሰ። በዚያች እይታ አንድ ወር ሙሉ ኖርኩ።

ጥር ላይ አዲስ መስመር ገባልን። ሞሉ ብሮውዘሩን አስተካከለና «ከእንግዲህ አፕዴቱ በራሱ ይመጣል፤ እኔም ከመንገዱ ተገላገልኩ» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። በማግስቱ እሱ ራሱ ባሳየኝ ቦታ ገብቼ በራሱ መምጣቱን አጠፋሁት።

ብዙም ሳይቆይ ከቡሌ ሆራ ሆኖ አይቶ «የነጌሌው ኮምፒውተር አፕዴት አላደርግም አለ» ብሎ መጣ። ጭኖ፣ አብርቶት ሄደ። አጠፋሁት። መጣ። «ይሄን ኮምፒውተር ምን ነካው?» ይላል፤ «እንጃ» እላለሁ፤ ሻይ አስመጣለታለሁ። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ሴት ልጅ ወንድን ና ብላ አትጠራም እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ይጥራልኝ አልኩ።

ግንቦት ላይ ለስድስት ሳምንት ዶሎ ኦዶ ተላከ። ከዚያ ሆኖ ደወለልኝ፤ ድምፁ የወትሮው አልነበረም።

«ኡርጂ፣ ሰሞኑን የወጣው አፕዴት ቀላል አይደለም። ሁለት ቀዳዳ ደፍነዋል፤ በአንዱ ሌቦች መግባት ጀምረዋል። እዚህ ኔትወርኩ ስለማይረባ የእናንተን ማየት አልቻልኩም። ደርሷል?»

አልደረሰም። አልደረሰም ካልኩት ግን «ማን አጠፋው?» ሊመጣ ነው። ደግሞስ ከዶሎ ሲመለስ በነጌሌ ያልፍ የለ፣ ያኔ ይጭነዋል ብዬ አሰብኩ።

«ደርሷል» አልኩት።

«ተባረኪ» አለኝና በየወሩ በሚሞላው የሥራ ቅጽ ላይ «ነጌሌ፦ ተጭኗል» ብሎ ፈረመ።

አሥር ቀን አልሞላም። አዴ ጠጂቱ የሚባሉ የሰባት ልጆች እናት የመጨረሻዋን ልጃቸውን አዝለው ገቡና ስልካቸውን ዘረጉልኝ። በድርጅታችን ስም የተላከ መልእክት ነበር፤ የልጃቸው ስም አለ፣ ክብደቷም ሳይቀር። ለተጨማሪ ዱቄት መመዝገቢያ ገንዘብ ላኩ ይላል።

«ልኬያለሁ» አሉኝ። «የቀረችኝን ፍየል ሸጬ። ዱቄቱ የታለ ልጄ?»

ያን ክብደት የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስድስት ኪሎ ከሁለት መቶ።

አዲስ አበባ ያሉት ሲመረምሩ ሌባው የገባው በዚያው ቀዳዳ፣ በእኔ ኮምፒውተር በኩል ሆኖ ተገኘ። ሞሉ ከዶሎ ተጠራ። የቅርንጫፋችን ኃላፊ አቶ ቢረሳው ቅጹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡለት።

«ተጭኗል ብለህ ፈርመሃል። በዓይንህ አይተሃል?»

ሞሉ ወደ እኔ ዞረ። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚጠብቀው። እኔ ጫማዬን አየሁ።

«አላየሁም» አለ። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ከሥራ ታግዶ ላፕቶፑን አስረክቦ ሲወጣ ስሜን እንኳ አላነሳም። እኔም እንዳቀረቀርኩ ቀረሁ። ከሠራሁት ሁሉ ይበልጥ የማፍርበት ያ ዝምታዬ ነው።

በማግስቱ ጠዋት እናቶቹ ግቢው ውስጥ ተሰብስበው አቶ ቢረሳው ይቅርታ ሲጠይቋቸው፣ ሞሉ ቦርሳውን ይዞ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። ተነሣሁ።

«ጋሼ ቢረሳው፣ አፕዴቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ደርሷል ብዬ የዋሸሁትም እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

ወደ ጥጉ፣ ወደ ሞሉ አየሁ።

«ሞሉ እንዲመጣ ብዬ።»

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

አዴ ጠጂቱ አማርኛው አልገባቸውም። «ማል ጄቴ?» ምን አለች? ብለው አጠገባቸው ያለችውን ሴት ጠየቁ። እሷም አፍራ አንገቷን ደፋች። ስለዚህ እኔው በኦሮምኛ ደገምኩላቸው። በአማርኛ አፕዴት፣ ብሮውዘር የሚል መሸሸጊያ ነበረኝ። በእናቴ ቋንቋ መሸሸጊያ አልነበረኝም፤ «አንድ ወንድ እንዲመጣልኝ ብዬ የእናንተን በር ለሌባ ክፍት ተውኩት» አልኩ።

አዴ ጠጂቱ ሞሉን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«እሱ ነው?»

«አዎ።»

«በዚህ ድርቅ እንኳ ትታለብ ነበር፣ ፍየሌ» አሉና ልጃቸውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ።

ሞሉ የግቢው በር ላይ ደረሰብኝ። ሲቆጣ አይቼው አላውቅም ነበር።

«ትናንት ዝም አልሽ።»

«አዎ።»

«ያመመኝ እሱ ነው።» ቦርሳውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። «ና ብትዪኝ እኮ እመጣ ነበር፣ ኡርጂ።»

ወደ መናኸሪያው ሄደ።

እሱን በማስጠንቀቂያ ወደ ሥራው መለሱት። እኔን ከኮምፒውተሩ አንሥተው ሚዛን ላይ መደቡኝ። ለተጭበረበሩት እናቶች ድርጅቱ ካሰ፤ አባቴ ግን በዚህ አልረካም። ሳምንት ሙሉ ሳያናግረኝ ቆየና ከበረታችን የምትታለብ ፍየል አውጥቶ ገመዷን ሰጠኝ። «ለአዴ ጠጂቱ ራስሽ ጎትተሽ ውሰጂ» አለ። ነጌሌን ከዳር እስከ ዳር ፍየል እየጎተትኩ አቋረጥኩ። ያላየኝ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሞሉ አምስት ወር አልደወለም። መደወል የነበረብኝ እኔ እንደሆንኩ ለመረዳትም አምስት ወር ፈጀብኝ።

«ሄሎ» አለ።

ያዘጋጀሁት ብዙ ንግግር ነበር፤ ሁሉም ጠፋኝ።

«ና» አልኩት።

መስመሩ ተቋረጠ። እሱ ይዝጋው ኔትወርኩ ይቁረጠው አላወቅኩም።

በሦስተኛው ቀን የአዴ ጠጂቱን ልጅ ሚዛን ላይ አስቀምጬ ቁጥሩን እያነበብኩ ነበር፤ ስምንት ኪሎ ሞልታለች። አዴ ጠጂቱ ከትከሻዬ በላይ አሻግረው አዩና «እሱ ነው» አሉ።

ዞርኩ። ሞሉ በሩ ላይ ቆሟል፤ አቧራ ለብሷል፤ ቦርሳም ፍላሽም አልያዘም።

አቶ ቢረሳው በመስኮት ብቅ አሉ። «አንተ ልጅ፣ ደግሞ ምን ተበላሸ?»

«ምንም አልተበላሸም ጋሼ» አለ ሞሉ። «ጠርታኝ ነው።»

የተሰለፉት እናቶች ሁሉ ዞረው አዩኝ። ፊቴ እንደ እሳት ጋለ። ጫማዬን ግን አላየሁም።