ታቦት የሚሸከም አንገት

ዲያቆን ሰውመሆን የወረታው ወጌሻ ቤት ገብቶ የጠበቀችው ሴት ብትሆንበት፣ ደንግጦ ሊወጣ ዞረ። ችግሩ አንገቱ አይዞርም። ስለዚህ መላ አካሉን ይዞ ዞረና ግንባሩን ከበሩ መቃን ጋር አላተመው።

አምሳል ሳቋ አመለጣት።

«ምነው ዲያቆን፣ በሩ ጠበበህ?»

«ወጌሻው የለም?»

«ወጌሻው እኔ ነኝ።»

«ወንድ መስሎኝ ነበር...»

«በል ተቀመጥ። ነጠላህን አንሳ እንጅ ነፍስህን አውጣ አላልሁህም!»

የመጣው ከይፋግ አጠገብ ካለች አንዲት ደብር ነው። ካቻምና የቤተ ክርስቲያኑን ቆርቆሮ ሲያድሱ ከመሰላል ወደቀ። አጥንቱ ባይሰበርም አንገቱ ወደ ግራ ጠመመ፣ አንዱ ትከሻው ወጥቶ አንዱ ወርዶ ቀረ። አያቱም ቅድመ አያቱም የዚያችን ደብር ታቦት የተሸከሙ ቄሶች ናቸው። እሱም ሚስት ሊያገባና ሊቀስስ ቀን ሲጠብቅ ነው ይህ የመጣበት። አባቱ ቄስ ዓለምብርሃን ቁርጡን ነገሩት፤ «በዚህ አንገት ታቦት አይወጣም።»

አምሳል ሙያውን ባሕር ዳር ሁለት ዓመት ተምራዋለች። ሩዝ ሲያርሙ ወገባቸው እንደታጠፈ የቀረ የፎገራ ገበሬዎች ከደጇ አይጠፉም። ከጣሪያዋ ላይ አንድ የግንበኛ ቱንቢ በክር ተንጠልጥሏል። ዲያቆኑን ከክሩ አጠገብ አቆመችና ዙሪያውን እየዞረች አየችው።

«አንገትህ አይደለም ያመመህ። ዳሌህ ነው።»

«ዳሌየ...?» ፊቱ ቀላ።

«በግ ሲገፈፍ አይተሃል? በቆዳውና በሥጋው መሀል ስስ ነጭ ሽፋን አለ። እኛም አለን፤ ከራስ ቅል እስከ እግር ጥፍር የተያያዘ ነው። አንዱ ጋ ሲጨማደድ ሌላውን ይጎትታል። ስትወድቅ ዳሌህ ላይ ተጨማደደ፣ አንገትህን እሱ ነው የያዘው።»

«እና ምን ይሻላል?»

«ጆሮህ፣ ትከሻህ፣ ዳሌህ፣ ቁርጭምጭሚትህ በዚህ ክር ልክ መዋል አለባቸው። መሬት ሁላችንንም ትስባለች። ቀጥ ብለህ ከቆምህ ትሸከምሃለች፤ ከጠመምህ ትጎትትሃለች።»

«ቱንቢ በትንቢተ አሞጽም አለ» አለ፣ ትንሽ ደፈር ብሎ።

«እዚያ ግንብ ነው የሚለካው። እኔ ጋ ሰው ነው።»

እንዲህ ተጀመረ። በየቅዳሜው ይመጣል። አምሳል አትፈትግም፣ አትቸኩልም። በክርኗ ተጭና ሽፋኑ እስኪላላ ትጠብቃለች። በመሀል «ሂድ፣ ወንዛዬ ፍልውሃ ሦስት ቀን ሰንብተህ ና» ትለዋለች፤ ሰንብቶ ይመጣል። ሲያመው ደግሞ ጥርሱን ይነክሳል።

«ትንፋሽህን አትያዝ። ሲያምህ ዘምር።»

ዘመረ። መጀመሪያ አፍሮ በለሆሳስ፣ በኋላ ድምፁን ለቆ። ስድስት ወር እጇ ሰውነቱን ሲያፍታታ ድምፁ እሷን ፈታት። ቅዳሜ ሲደርስ ከንጋቱ ጀምሮ ደጅ ደጁን የምታየው ለሌላ በሽተኛ አልነበረም።

በኅዳር አንድ ቅዳሜ፣ ከተኛበት ተነሥቶ ነጠላውን ሳይለብስ፣

«አምሳል፣ ሽማግሌ ልልክ ነው» አላት።

«የት?»

«እናትሽ ቤት ነዋ!»

አምሳል በዐሥራ አምስት ዓመቷ ንብረት ለሚባል ሰው ተድራ፣ ዓመት ኑራ የፈታች ናት። ዲያቆን ፈት ካገባ ቅስናው እንደሚቀር ደግሞ ፎገራ ላይ የማያውቅ ክርስቲያን የለም። የሷንም ታሪክ የማያውቅ ወረታ ላይ የለም። እንግዲህ እያወቀ ነው...

«አስበህበታል? በኋላ እንዳይቆጭህ።»

«ስድስት ወር ሙሉ አሰብሁበት። አይቆጨኝም!»

ደረቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እስከዚያች ቀን ለሷ ብሎ ምንም ነገር የተወ ሰው አልነበረም። ይሄ ልጅ የአባቶቹን መቅደስ ተወላት!

ምስኪን፣ እሱ ግን ምንም አልተወም። ምንም አላወቀምና። እናቷ ጋ የምትኖር፣ ልጅ የሌላት፣ ገና ወጣት ሴት አየ፤ ያላገባች ናት ብሎ ልቡን ጣለባት። ሁለቱም አንዲት ቃል አልዋሹም፤ አንዲት ቃልም አልተጠያየቁም።

እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። እናቷ እማማ ሸዋነሽ ነገር መሸፈን የማያውቁ ሴት ናቸው።

«ልጄ ያንን የፊተኛ ባሏን እስክትፈታ ብዙ ተጎድታለች። እንግዲህ አደራችሁን» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«ባል ነው ያሉን፣ እመይቴ?»

የቀረበላቸውን ጠላ ሳይቀምሱ ተነሡ።

ከዚያ አራት ቅዳሜ አለፈ። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሣም። በአምስተኛው መጣ። አንገቱ ወደ ግራው ማዘንበል ጀምሯል። አምሳል ግን ያየችው መምጣቱን ብቻ ነው።

«መጣህ!»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«የምታውቅ መስሎኝ ነዋ።»

«ከየት አውቄ?»

«ወረታ ሁሉ የሚያውቀውን! ሰውመሆን... እኔ እኮ ያለቀስሁት ቅስናውን የተውህልኝ መስሎኝ ነው።»

ዓይኑን ከሷ ወደ ቱንቢው መለሰ።

«እሺ፣ አሁን አወቅህ። አሁንም መተው ትችላለህ።»

«አባቴ ‹ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም› አሉኝ። ሌላ ልጅ አጭተውልኛል። ከጥምቀት በኋላ በተክሊል...»

«አባትህን አልጠየቅሁም። አንተን ነው የጠየቅሁት!»

ወለሉን አየ።

«ታቦት መሸከሙ ከቤታችን ወጥቶ አያውቅም፣ አምሳል። እኔ ላይ ይቁም?»

መልሱ ይህ ነበር። አንዳንድ ሰው እንቢ ሲል እንኳ አዛኝ መምሰሉን አይተውም።

«እና ለምን መጣህ?»

እጁ ወደ አንገቱ ሄደ።

«ተመልሶ ጠመመብኝ። ሁለት ጊዜ ብቻ ቀርቶናል ብለሽ ነበር...»

ለሰው ሞት አነሰው!

አምሳል ቆማ አየችው። ያንን አንገት ከሷ በቀር የሚያቀናው እንደሌለ ታውቃለች። ጠምሞ ቢቀር አይቀስስም። ካልቀሰሰ ያቺን ልጅ በተክሊል ለማግባት አይቸኩልም፤ ምናልባት ውሎ አድሮ ወደዚህ በር ይመለሳል። ማን ያውቅባታል? ሐሳቡን እስከ ጫፉ ሄደችበት። ጫፉ ላይ ያገኘችው ግን ሌላ መሄጃ አጥቶ የመጣ ባል ነው። እንዲህ ያለውን ባል ደግሞ በዐሥራ አምስት ዓመቷ አግብታ አይታዋለች።

«ተኛ» አለችው።

ከእግሩ ጀምራ ወጣች። ዳሌው ላላ፣ ጀርባው ላላ። ደረቱ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«ይሄ ከመሰላሉ አይደለም። አዲስ ነው።»

«እሱንም ታስለቅቂዋለሽ?» አለ፣ እንባው በጆሮው ግንድ እየወረደ።

«ይሄን ለሚስትህ ተውላት።»

የዚያን ቀን አልዘመረም። በሚቀጥለው ቅዳሜ የመጨረሻውን ሠራችለትና ክሩ አጠገብ አቆመችው። ጆሮው፣ ትከሻው፣ ዳሌው፣ ቁርጭምጭሚቱ፤ ሁሉም ልክ ነው።

«ጨርሰናል።»

«አምሳል...»

«ወደ ኋላ አትዙር። አንገትህ ገና ነው።»

አንገቱ ገና አልነበረም። ፊቷን እንዳያይ ነው።

ለዓመቱ ጥምቀት እሱ ደብር አልሄድም ብላ ምላ ነበር፤ ሄደች። ታቦቱ ከባሕረ ጥምቀቱ ሲመለስ የተሸከመው ቄስ ሰውመሆን ነበር። ከበሮው ይመታል፣ ሕዝቡ ይጋፋል፣ እሱ ግን አንድ ጊዜም አልተነቃነቀም። ክብደቱ ከራሱ በአንገቱ፣ በወገቡ፣ በእግሩ አልፎ መሬት ሲገባ አምሳል አየችው። እንከን ፈለገች፤ አጣች።

አጠገቧ የቆሙ አንዲት አሮጊት እልል ብለው ክንዷን ያዟት።

«አየሽ ልጄ አቋቋሙን? እግዚአብሔር ሲፈጥረው ለታቦት ብሎ አቅንቶት ነው!»

«አዎ፣ እማማ» አለች አምሳል።

ታቦቱ ሲቀርብ ከሕዝቡ ጋር መሬት ተደፋች። ቀና ያለችው ካለፈ በኋላ ነው።