በጀርባዋ የወደቀችው በግ

«ሞታለች» አለ ኢሳም፣ ብስክሌቱን በአንድ እግሩ ደግፎ እየቆመ።

ከመንገዱ ዳር ካለው ቦይ ማዶ፣ መስኩ መሃል፣ አራት እግሮች ወደ ሰማይ ተቀስረዋል። ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቷል። ሌሎቹ በጎች የማያውቋት ይመስል ጀርባቸውን ሰጥተዋት ይግጣሉ። አንድ ቁራ ጥቂት ራቅ ብሎ ተቀምጦ ይጠብቃል።

«አልሞተችም» አለች ዮሪን። ነፋሱ ቃሉን ከአፏ ነጥቆ ስለወሰደው ማንም አልሰማትም።

አንደኛው የኋላ እግር ሲንቀጠቀጥ አይታለች። ወሩ ግንቦት ነው፤ በጎቹ ገና አልተሸለቱም። ዝናብ የጠጣ ፀጉር ይከብዳል። በጓ ጀርባዋን ልታክ ተንከባልላ መነሣት አቅቷት ይሆናል። እንዲህ የወደቀች በግ ሆዷ እየተነፋ ይሄድና ሳንባዋን ይጫናታል። ሰው ካልደረሰላት በዚያው ታፍና ትቀራለች፤ ቁራውም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው።

በዚያ አገር ይህን የማያውቅ የለም። ጀርባው ላይ የወደቀ በግ ያየ መንገደኛ፣ መስኩ የማንም ይሁን፣ ቦዩን ተሻግሮ ገብቶ ያነሣዋል። ባለቤቱን ማስፈቀድ የለም። የዮሪን አባት አንድ ጊዜ ለሰርግ በለበሰው ሙሉ ልብስ ጭቃ ውስጥ ገብቶ አንሥቶ፣ ቀኑን ሙሉ ከሙሽሮቹ ጋር በግ በግ ሲሸት ውሏል።

«ኧረ ይሄንማ መቅረጽ አለብን!» ቲርዛ ስልኳን አወጣች። «ዮሪን፣ አንቺ ቅረጪን። እኔና ኢሳም እናነሣታለን።»

«ብትነክሰኝስ?» አለ ኢሳም።

«በግ እኮ ናት! ውሻ መሰለችህ? ፈሪ።»

«እሺ ጀግናዋ፣ ቀድመሽ ግቢያ።»

«ቶሎ በሉ ግን፤ ጀልባው አይጠብቀንም» አለች ቲርዛ። በቦዩ ላይ የተጋደመውን ሳንቃ ተሻግራ መስኩ ውስጥ ስትገባ እየሳቀች ነበር።

መምህራቸው ሜርተን ክፍሉን በሦስት በሦስት ከፋፍሎ ነበር የለቀቀው። በየመንታ መንገዱ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ተተክሏል፤ ተማሪዎቹ ቁጥሮቹን በተራ በክንዳቸው ላይ በእስክሪብቶ ጽፈው፣ ሰሌዳ እየተከተሉ ገጠሩን አቋርጠው ወንዙ ጋ ይደርሳሉ። ከዚያ በማሻገሪያው ጀልባ ወዲያ ማዶ። ሕጉ አንድ ነው፤ ሦስቱም አብረው ይድረሱ። ጀልባው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል፤ ያመለጠው በድልድዩ ዞሮ ይምጣ ቢባል፣ በዚህ የፊት ነፋስ ሲመሽም አይደርስ። ቲርዛ ደግሞ ባለፈው ወር ከክፍል ስትፎርፍ ተይዛ ተቀጥታለች። አንድ ጥፋት ከጨመረች የክረምቱ ካምፕ እንደሚቀርባት ተነግሯታል።

ለዮሪን ቲርዛ ብቸኛ ጓደኛዋ ናት። አባቷ መሬቱንም በጎቹንም ሸጦ ከተማ ከገቡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። በአዲሱ ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት ልጅ በጭቃማ ቡትስ መጥታ፣ ሌሎቹ ተማሪዎች «ፋራ! ላሟንስ የት አሰርሻት?» ሲሏት ዮሪን ሰምታለች። ከዚያ ወዲህ አባቷ ምን እንደሚሠራ ስትጠየቅ፣ «መጋዘን ውስጥ» ትላለች። ውሸት አይደለም። አሁን የሚሠራው መጋዘን ውስጥ ነው።

ተከትላቸው ገብታ የቲርዛን ስልክ አነሣች። በስክሪኑ ላይ ሁለቱ በጓ ጎን ሲንበረከኩ አየች።

«አንድ፣ ሁለት፣ ግፋ!» አለች ቲርዛ።

«ኧረ ትሸታለች!»

«አንተም ትሸታለህ፤ ግፋ!»

በጓ ተገለበጠች። ተንገዳግዳ በአራት እግሯ ቆመች። ቲርዛ ጮኸች፤ እጆቿን እያወዛወዘች ወደ ስልኩ ዞረች። ኢሳምም ለቀቃት።

መልቀቅ አልነበረባቸውም። ብዙ ሰው የሚያውቀው ማንሣቱን ብቻ ነው። በጎች መሃል ያደገ ሰው ግን ዋናው ሥራ ከዚያ በኋላ መሆኑን ያውቃል። ሰውነቷ ደንዝዟል፤ እግሯ አይታዘዛትም። ፀጉሯን ግጥም አድርገህ ይዘህ፣ በሁለቱ ጉልበቶችህ መሃል ደግፈህ፣ ራሷን ችላ እስክትቆም ትይዛታለህ። ዮሪን እንዲህ አድርጋ ስንቱን ይዛለች።

«ያዟት» የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ቀጥሎ ግን ቲርዛ፣ «አንቺ ከየት አወቅሽ?» ስትላት ታያት። ዝም ብላ ቀረጸች።

በስክሪኑ ላይ በጓ ወደ ግራ አዘነበለች። ሦስት አራት እርምጃ እንደ ሰካራም ሄደች። ከዚያ ከስክሪኑ ወጣች፤ የሰሙት ውሃው ሲንቦጫረቅ ነው።

ቦዩ ሰፊ አይደለም። ዳርና ዳሩ ግን ቀጥ ያለ ነው፤ ውስጡ ጥቁር ጭቃ። በጓ አንገቷን ብቻ አውጥታ፣ የፊት እግሮቿን ዳሩ ላይ ለመስቀል ትፍጨረጨራለች። ሣሩ ይነቀላል፤ ተመልሳ ትንሸራተታለች። ሦስቱም ደረታቸው ላይ ተኝተው ፀጉሯን ያዙና ሳቡ። ውሃ የጠጣው ፀጉር ከድንጋይ ይከብድ ነበር። ኢሳም ሊገባ ሲል ዮሪን ያዘችው። «እግሯ ይረግጥሃል፤ አሁን እየተራገጠች ነው።» ደግመው ሳቡ። ቲርዛ ጭብጥ ሙሉ ፀጉር ይዛ ወደ ኋላ ወደቀች። የዚህን ጊዜ የሳቀ ሰው የለም።

ኢሳም አደጋ ለደረሰባቸው እንስሳት እርዳታ በሚጠራበት ስልክ ደወለ። ጆሮው ላይ አድርጎ ቆየና፣ «ተራ ይጠብቁ ይላል» አለ። «ሙዚቃ እያሰሙኝ ነው።»

ዮሪን መስኩ ጫፍ ላይ ወዳለው እርሻ ቤት ሮጠች። ውሻው ታስሮ ይጮኻል። ጎተራው ውስጥ ራዲዮ ተከፍቶ ሰሚ ሳይኖረው ይዘፍናል። በሩን ደበደበች፤ የሚከፍት ጠፋ። ዞራ በመስኮቱ ስትመለከት አንዲት አሮጊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ እግራቸው በብርድ ልብስ ተጠቅልሏል። ዮሪን በሁለት እጇ ወደ መስኩ አመለከተች። አሮጊቷ ፈገግ ብለው እጃቸውን አውለበለቡላት።

«በግ!» ብላ ጮኸች። «በጓ ቦይ ውስጥ ገብታለች!»

እንደገና አውለበለቡላት። ዮሪን መስታወቱን በመዳፏ መምታት ጀመረች። የዚህን ጊዜ ፈገግታቸው ጠፋ፤ በስንት መከራ ተንጠራርተው ትንሿን መስኮት ከፈቷት።

«በጓ ቦይ ውስጥ ናት፣ እማማ። ብቻችንን ማውጣት አቃተን።»

«ወይ ጉድ! ልጄ እኮ የለም፣ ገበያ ወጥቷል። እኔ ደግሞ እንደምታዪኝ ነኝ፤ እግሬ አይሠራም።» ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልክ አንሥተው ቁጥሩን ቀስ እያሉ ነኩ፤ የሚሰማ ሰው እስኪያነሣ ዓይናቸውን ከዮሪን ላይ አልነቀሉም። «ጎረቤታችን ሂልቤርት ነው። ትራክተር አለው... ሂልቤርት? እኔ ነኝ! በግ ቦይ ገብቶብናል!... ስንት ሰዓት?... ኧረ ተው! እንደምንም ብለህ እንጂ!» ስልኩን አስቀመጡት። «ሣር እያጨደ ነው። ዝናቡ ሳይቀድመኝ ይቺን መስክ ልጨርስና እመጣለሁ ይላል።»

«እስከዚያስ ትቆያለች?»

አሮጊቷ ወደ መስኩ አዩ። ከተቀመጡበት ቦዩ አይታይም። «ቤት ውስጥ ገመድ መኖር ነበረበት» አሉ። «የት እንደሚያስቀምጠው ግን አላውቅም የኔ ልጅ። እኔ አላውቅም።»

ዮሪን ስትመለስ በጓ መፍጨርጨሯን ትታ ነበር። ይህ ከመፍጨርጨሩ ይብስ ነበር። ኢሳም ደረቱ ላይ ተኝቶ ጆሮዎቿን ይዟል፤ ፊቱ በጭቃ ተለውሷል። ቲርዛ ቆማ በስልክ ትናገራለች።

«አዎ ቲቸር... አዎ፣ ሦስታችንም አብረን ነን። ጀልባው ጋ ደርሰናል ማለት ይቻላል። ነፋሱ ነው እኮ... እሺ ቲቸር።»

ስልኩን ዘጋች። «በቃ፣ እንሂድ። ሰው ይመጣል አይደል?»

«ጎረቤታቸው ሣር ማጨዱን ሲጨርስ ነው የሚመጣው» አለች ዮሪን። ማዶ ካለው መስክ ላይ ትራክተሩ ይታያል። እንደ አሻንጉሊት አንሶ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ ይሄዳል፣ ይመለሳል።

«እኛ ምን ማድረግ እንችላለን ታዲያ? ሞከርን፤ አልቻልንም። ቪዲዮውን አጥፍቼዋለሁ። ማንም ከጠየቀን በግ የሚባል ነገር አላየንም።»

«ቲርዛ...» አለ ኢሳም።

«ምን ቲርዛ ትለኛለህ? ካምፑ የሚቀርብኝ እኔ ነኝ እንጂ አንተ አይደለህም!» ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «ልረዳት ብዬ ነው የገባሁት። እኔ ምን አጠፋሁ?»

ዮሪን ጃኬቷን አውልቃ ሣሩ ላይ ጣለችው። ቀጥላ ጫማዋን መፍታት ጀመረች።

«ምን እየሆንሽ ነው?»

«መያዝ ነበረባት» አለች ዮሪን፣ ቀና ሳትል። «ካነሣችኋት በኋላ። እግሯ እስኪጠና ድረስ መያዝ ነበረባት። አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?»

«አባቴ መቶ ምናምን በጎች ነበሩት።»

ቲርዛ የሰማችውን ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደባት። «እና?»

«እናማ... ፋራ እንዳትሉኝ።»

ቲርዛ ብትስቅ ወይም ብትሳደብ ለዮሪን ይቀላት ነበር። ሁለቱንም አላደረገችም። ብስክሌቷን ከተጋደመበት አነሣች።

ዮሪን ቦዩ ውስጥ ወረደች። ቅዝቃዜው ትንፋሿን ቀጥ አደረገው። ጭቃው እስከ ጉልበቷ ዋጣት፤ ውሃው ከወገቧ በላይ ደረሰ። በጓ አልተራገጠችም፤ ለመራገጥም አቅም አልነበራትም። ዮሪን ክንዷን ከበጓ አገጭ ሥር አስገብታ ቀና አደረገቻት። ጭንቅላቷ ሙሉ ክብደቱን ክንዷ ላይ ጣለ።

ኢሳም ጆሮዎቿን ለቀቀ። ጣቶቹ አልዘረጋ ብለውት ነበር። «እኔም ልቆይ?»

ዮሪን «ቆይ» ልትለው ፈለገች። መንገዱ ላይ ያለችውን ቲርዛን አየች። ክንዷ ላይ ያሉትን ቁጥሮች የምታነብ መስላ ፊቷን አዙራለች። ዛሬ ብቻ ሁለት ጊዜ መንገድ ስታ ኢሳም ነው የመለሳት፤ ብቻዋን ጀልባውን አታገኘውም።

«አብረሃት ሂድ» አለችው። «ቲቸርን ስታገኙት ግን ሦስታችንም አለን እንዳትሉት። ዮሪን ቦይ ውስጥ ናት በሉት።»

ኢሳም ኪሱን ዳበሰ። ጨው ያለበትን ጥቁር ከረሜላ ከነከረጢቱ አውጥቶ፣ የምትቀበልበት ባዶ እጅ እንደሌላት ሲያይ አንዷን አፏ ውስጥ ጨመረላት። «በግ ይሄን ትበላለች?»

«አትበላም።»

«ብልህ ናት ማለት ነው» አለ። ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም። ተነሥቶ ወደ መንገዱ ሮጠ።

የብስክሌቶቹ ድምፅ እየራቀ ሄደ። ከቦዩ ውስጥ ሆና የምታየው ሣርና ሰማይ ብቻ ነው። ደመናው ጠቁሯል። በጓን ከፍ ለማድረግ ሞከረች፤ ፈቀቅ አላለችም። ልትገፋት ሞከረች፤ የሰመጠችው እሷው ናት። «ሰው አለ?» ብላ ጮኸች። መልስ ሲጠፋ ደግማ ጮኸች። ከዚያ መጮኹ ክንዷን እንደሚያንቀጠቅጠው አስተውላ ተወችው።

በጓ በአፍንጫዋ ትተነፍሳለች። ሞቅ ያለው ትንፋሽ የዮሪን አንገት ላይ ያርፋል፤ ይቆማል፤ ሲቆም ዮሪንም ትንፋሿን ትይዛለች፤ ከዚያ እንደገና ይመጣል። ብጫማዎቹ ዓይኖች ወደ እሷም ወደ ሌላም አያዩም። ትድን እንደሆነ ዮሪን አታውቅም። አባቷ ቢሆን ያውቅ ነበር፤ ግን አይናገርም ነበር።

ሣሩ ላይ የጣለችው ጃኬት ኪስ ውስጥ ስልኳ ጮኸ። መምህር ሜርተን ይሆናል። ቲርዛ ልትሆንም ትችላለች፤ ነግራው ይሆናል፣ ሳትነግረው ቀርታም ይሆናል። ጃኬቱ ቅርብ ነው። ሁለት እርምጃ ሄዳ እጇን ብትዘረጋ ትደርስበታለች። ግን ሁለቱን እርምጃ ለመሄድ አገጩን መልቀቅ አለባት።

ስልኩ ዝም አለ። ወዲያው እንደገና ጮኸ።

የዝናቡ የመጀመሪያ ጠብታዎች ውሃው ላይ ክብ ክብ ሠሩ። ከማዶ የትራክተሩ ድምፅ ይሰማል፤ ይቅረብ ይራቅ ግን መለየት አልቻለችም። ቀኝ ክንዷ ደንዝዟል። የበጓን አገጭ ቀስ ብላ ወደ ግራ ክንዷ አሻገረች፤ ጭቃው ውስጥ እግሮቿን ሰፋ አድርጋ ተከለች።