ሳያውቅ የሰጠው ድምፅ

ዌንደል ስትራውድ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ባለችው ትንሽ ከተማችን ከእኔ ጋር የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳል። ያጠራቀመውን ሁሉ አንድ ፈንድ ላይ አውሎታል። ፈንዱ የብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስቦ የአምስት መቶ ኩባንያዎችን አክሲዮን ባንድ ላይ ይይዛል፤ ራሱም እንደ አንድ አክሲዮን ገበያ ላይ ይሸጣል፣ ይገዛል። ውስጡ ያለውን ለማወቅ መድከም ሞኝነት ነው እያለ እኛን ሾፌሮቹን በየምሳ ሰዓቱ ይሰብከን ነበር። ሰምተን ገዛን።

ታናሽ ወንድሙ ሮይ የድንጋይ መቁረጫ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ኖሮ አቧራው ሳንባውን ጨርሶት ሞተ። ሚስቱ ሎሬይን በወረሰችው ጥቂት የፋብሪካው አክሲዮን ጉባኤ ገብታ አቧራ መምጠጫ ማሽን እንዲተከል ጠየቀች። በድምፅ ተሸነፈች። ከተቃወሙት ትልቁ ባለድርሻ፣ በገንዘባችን የፋብሪካውን አክሲዮን የገዛው የእኛው ፈንድ መሆኑንም እዚያው ሰማች።

በማግስቱ እኔና ዌንደል በጓሮው ሥጋ እየጠበስን ሳለ መጣች።

«እጅህ አልደከመም?» አለችው።

«የምን እጅ?»

«በሮይ ላይ ያነሳኸው።»

ነገሩን ስትነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። «ፈንዱ ባደረገው እኔን ምን አድርግ ትይኛለሽ? እንደኔ ያለ ስንት ሚሊዮን ሰው አለበት።»

«አንዳችሁም ግን በስማችን ምን እያደረጋችሁ ነው ብላችሁ አልጠየቃችሁም። አንተ ደግሞ ወንድሙ ነህ።»

ከግቢዬ ውጪልኝ አላት። ወጣች። ሥጋው እሳቱ ላይ አረረ።

በኋላ እንደነገረኝ፣ ያን ሳምንት ከፈንዱ የመጡለትን ያልተከፈቱ ደብዳቤዎች አውጥቶ አነበበ። ባለድርሻው ድምፁ እንዴት እንዲሰጥ እንደሚፈልግ የሚሞላበት ቅጽ ሦስት ጊዜ ተልኮለታል። ሞላው። እኛንም አስሞላን።

በዓመቱ ሎሬይን ጥያቄዋን ይዛ ወደ ጉባኤው ተመለሰች፤ ዌንደል የጉባኤው አዳራሽ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ስትወጣ ከፊቷ ሁሉን አወቀ።

«ዘንድሮም ተሸነፍን?» አላት።

«ተሸነፍን» አለች ሳታየው። ቅጹን መሙላቱን ሰምታ ነበር። «ዘንድሮ ግን ባንተ ድምፅ አይደለም።»

መኪናዋን አስነስታ ሄደች። እስከ ዛሬ ቤቱን አልረገጠችም።

ፈንድ አትግዙ አልልም፤ እኔም አለኝ። ገንዘባችሁን የሰጣችሁት ሰው ግን ድምፃችሁንም ይዞ ይሄዳል። ማን ላይ እንደሚያሳርፈው ጠይቁ፤ ቀብር ላይ ከቆማችሁ በኋላ ሳይሆን፣ አሁን።