የላክሁት መርዶ የት ገባ?

ስለ መንፈስ ሲወራ ከሚስቁት ዋነኛዋ እኔ ነበርኩ፣ ደብረ ብርሃን ያሉ ጓደኞቼን ጠይቋቸው፣ «አንቺ እኮ ሰይጣን ቢመጣ አብረሽው ሰልፊ ትነሻለሽ» ነው የሚሉኝ። አሁን ግን ቁጭ በሉና ስሙኝ።

አክስቴ ወርቄ አንኮበር ቤቷ ውስጥ ንጋት ላይ አረፈች፣ እኔና አባቴም እዚያው ነበርን። አንድያ ልጇ ዳዊት ዩኒቨርሲቲ ፈተና ላይ ነው፣ ስልኩን አስረክቦ አዳራሽ ገብቷል፣ ደግሞም እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ በስልክ አይነገርም፣ ልጅ የእናቱን ሞት የሚሰማው ሰው ከቦት፣ ዘመድ ይዞት ነው። አባቴ ጠራኝና «አንቺ ጸሐፊዋ» አለኝ (ሰሞኑን የምጽፈውን ሁሉ ስለማነብለት እንዲህ ነው የሚጠራኝ፣ ደስ ይለኛል ደግሞ!) «ለአስተማሪው እውነቱን ጻፊለትና ይልቀቀው። ለልጁ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ! እናትህን ትንሽ አሟታል ብለው ይላኩት።»

ጓዳ ገባሁ፣ ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ መስኮት ስር ብቻ ነው፣ አክስቴም ሱፍ የምትፈትለው እዚያው ነበር፣ እንዝርቷ ከነሱፉ መደቡ ላይ ተቀምጧል። «ወላጅ እናቱ በሞት ስለተለዩ» ምናምን ብዬ አሳምሬ ጻፍኩ፣ አድራሻውን ስጀምር ስልኬ ራሱ ሞላልኝ፣ ላክሁት። ከዚያ አየሁት። የሄደው ለዳዊት ነው! ድርሰቶቼን የሚያርምልኝ እሱ ስለሆነ ስልኬ የለመደው የእሱን አድራሻ ነዋ!

«የተላከ ኢሜይል ይመለሳል ወይ» ብዬ ፈለግሁ፣ እንደላክሽ ወዲያው ካልሰረዝሽው አይመለስም አለኝ፣ የእኔ አልፏል። ከአዳራሹ ሲወጣ ብቻውን ሊያነበው ነው። ጉሙ መስኮቱን ሸፈነው፣ ኔትወርኩም ጥፍት አለ። «አክስቴ፣ አድኚኝ!» አልኩ፣ እመኑኝ፣ ለማን እንደምናገር እንኳ አላሰብኩም።

ከኋላዬ ዝርርር የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል እንዝርቱ ይሽከረከራል። ነፋስ ነው እንዳልል መስኮቱ ዝግ ነው። እሱ ሲቆም ስልኬ እጄ ላይ አንዴ ነዘረ፣ ባይ ከተላኩት መሀል የእኔ መልእክት የለም። ኔትወርክ ሳይኖር ጠፍቷል! መንገድ ዳር ወጥቼ ለአስተማሪው እንደገና ላክሁለት፣ ከዚያ በኋላ ስልኬን ማየትም ፈራሁ።

በነጋታው ዳዊት ደረሰ፣ ሽማግሌዎቹ አስቀምጠው አረዱት። አልቅሶ ሲደክመው እኔን አስጠራኝ።

«እማዬ መቼ ነው ያጻፈችሽ?»

«ምኑን?»

ስልኩን ሰጠኝ። ከእኔ አድራሻ የተላከ ነው፦ «ድምቡሼ፣ ፈተናህን ጨርሰህ ና። መንገዱ ብርድ ነው፣ ጋቢህን ደርብ። እጠብቅሃለሁ።»

«ድምቡሼ የምትለኝ ለብቻችን ስንሆን ነው፣ ጢም ካበቀልኩ ወዲህ ሰው ፊት እንዳትለኝ ለምኛት ነበር» አለና እያለቀሰ ሳቀ። «ላንቺም ነገረችሽ ማለት ነው?»

አክስቴ ፊደል አልቆጠረችም። ያ መልእክት የሄደውም ከተገነዘች በኋላ ነው። እኔ ድምቡሼ የሚባል ነገር ሰምቼም አላውቅ!

«መልስ ጽፌላት ነበር» አለኝ፣ «አነበብሽላት?»

ኢሜይሌን ከፈትኩ። አለ፣ «እሺ እማዬ፣ መጣሁ» ይላል። ያልተከፈተ መልእክት ደምቆ እንደሚታይ ታውቃላችሁ፣ ይሄ ግን ፈዟል፣ ስልኬ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ከትራሴ ስር ነበር። ዳዊት ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

«አንብባዋለች» አልኩት።

ዋሽቼው ይሁን እውነቱን ነግሬው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።