የጋሽ ወስፌ ንጹሕ ሽርጥ

መርማሪዋ ስትደርስ ሬሳው ገና አልተነሳም። ጋሽ ወስፌ በጫማ መሥሪያ ክፍላቸው፣ ከግድግዳው ሥር በጎናቸው ተጋድመዋል። አንድ እጃቸው ከራሳቸው በላይ እንደተዘረጋ ቀርቷል። አጠገባቸው የማስቲሽ ቆርቆሮ ተገልብጦ ማጣበቂያው ወለሉ ላይ ደርቋል። ክፍሉ መስኮት የለውም፤ በሩ ተከፍቶ እንኳ ሽታው ዓይን ያቃጥላል።

«ደረታቸው ደካማ ነበር» አለ ሐኪሙ። «በዚህ ሽታ ታፍነው ነው የሞቱት። በሩ ግን ከውጭ ተቀርቅሮ ነበር አሉ።»

ነገሩን ያከበደው ይኸው መቀርቀሪያ ነው። ሰው ራሱ ላይ ከውጭ አይቀረቅርም።

ጋሽ ወስፌ ዕድሜ ልካቸውን ጫማ ሲሰፉ ከሰፈሩ ሰው በቀር የሚያውቃቸው አልነበረም። ወንድ ልጃቸው ሥራቸውን በስልኩ እየቀረጸ ገጽ ከከፈተላቸው ወዲህ ግን ተከታያቸው እልፍ ሆነ። ግማሹ ለጫማ ይመጣል፤ ግማሹ አብሯቸው ፎቶ ለመነሳት። ሽማግሌው ዝናው እምብዛም አልገባቸውም፤ ልጃቸው ደስ ሲለው ግን ደስ ይላቸው ነበር።

መጀመሪያ የተያዙት ከመንገዱ ማዶ ጫማ የሚሸጡት ጎረቤት ናቸው። በዚያ ጠዋት ከጋሽ ወስፌ ሱቅ ሲወጡ ታይተዋል። ከዚያም በላይ በሟቹ ገጽ ላይ «ይህን ወስፌህን ሳላስጥልህ አልሞትም!» ብለው ጽፈዋል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የስልኩማ ጭራሽ ስንት ሺህ ምስክር አለው።

«ቀልድ ነው የኔ ልጅ» አሉ ጎረቤቱ፣ ጣቢያ ውስጥ ዓይናቸው ቀልቶ። «ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲህ ስንሰዳደብ ነው የኖርነው። ፊት ለፊት ስለው ይስቃል። ስትጽፊው ሳቁን የት ታስገቢዋለሽ?»

«ጠዋት ለምን ሄዱ?»

«ገበያ ጠፋ፣ ሱቄን ልዘጋ ነው ልለው። ‹ሞኝ አትሁን፣ ና አብረን እንሥራ› አለኝ። እንዲህ ያለኝን ሰው ነው የምገድለው?»

መርማሪዋ አመነቻቸው፤ እምነት ግን ማስረጃ አይሆንም። ወደ ሟቹ ሱቅ ተመልሳ በሻጭነት የምትሠራውን ሴት ልጃቸውን ጠየቀች።

«እኔ ባንክ ነበርኩ፣ ወንድሜ ዕቃ ሊያደርስ ሄዷል» አለች ልጅቷ። «እኩል ደረስን። መቀርቀሪያውን ሲከፍት ከኋላው ነበርኩ። አባዬን እንዳየሁ ሰው ልጠራ ሮጥኩ።»

«ወንድምሽስ?»

«አባዬን አቅፎ ቀረ።»

«አባትሽ ማስቲሽ ሲከፍቱ ማራገቢያውን ያበሩታል?»

«አባዬ? ሳያበራውማ ክዳኑን አይነካም!»

የማራገቢያው ማብሪያ ሽማግሌው ከወደቁበት በላይ ግድግዳው ላይ ነው። ጠፍቷል። መርማሪዋ ዞር ስትል ማስቲሽ የጠገበ አሮጌ ሽርጥ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ አየች። ሟቹ የለበሱት ግን ነጭና አዲስ ነበር። ጎንበስ አለች። በደረቀው ማስቲሽ መሀል ማጣበቂያ ያልነካቸው ሦስት ትንንሽ ቦታዎች አሉ።

«በዚያን ቀን ቀረጻ ነበራችሁ?» አለችው ወንድ ልጁን።

«አልነበረንም» አለ፣ ወለል ወለሉን እያየ።

ከቀብር በኋላ ሁሉንም መሥሪያ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ጎረቤቱ ከፖሊስ ጋር መጥተው ከጓደኛቸው ባዶ በርጩማ አጠገብ ቆሙ።

«ጋሽ ወስፌ ለሥራ አሮጌውን ሽርጥ ነው የሚለብሱት» አለች መርማሪዋ። «ገጻችሁን ሙሉ አየሁት፤ ነጩን የሚለብሱት ለካሜራ ብቻ ነው። ስለዚህ ይቀረጹ ነበር። ስልኩ የቆመው በባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ ነው፤ ማስቲሹ ሲፈስ እግሮቹን ከቦ ደረቀ። በኋላ አንድ ሰው አነሳው። እህትህ ስትሮጥ ሬሳው ዘንድ ብቻውን የቀረ ማነው?»

ልጁ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ማቆሚያውን ትናንት አየሁት። እግሮቹ በቢላ ተፍቀዋል።»

«ወንድሜ?» አለች እህቱ። «ንገረኝ እንጂ!»

«ልገድለው አይደለም» አለ ልጁ። «ከቆዳው እስከ ጫማው ሙሉውን እንቀዳለን፣ ከዚያ አፍጥኜ እለቀዋለሁ። ስልኩን ትቼለት ወጣሁ። በሩን የቀረቀርኩት ፎቶ እንነሳ የሚሉት እየገቡ እንዳይረብሹት ነው። ቶሎ እመለሳለሁ ብዬ… መንገዱ ተዘጋጋ።»

«ማራገቢያውስ?»

«ድምፁ ቀረጻ ውስጥ ስለሚገባ ሁሌም አጠፋዋለሁ።»

«እኚህ ሰው በአንተ ዝምታ እንደታሰሩ ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር» አለ። ከኪሱ ስልኩን አውጥቶ ሰጣት። «ላጠፋው ሞከርኩ። እጄ እምቢ አለ።»

በምስሉ ላይ ጋሽ ወስፌ በነጩ ሽርጥ ተቀምጠዋል። ለመነሳት ሲሉ ክርናቸው ቆርቆሮውን ይገለብጠዋል። ይስላሉ። ወደ በሩ ሄደው ይገፉታል፤ ሊያንኳኩ እጃቸውን ያነሳሉ። ከዚያ ወደ ስልኩ ዞር ብለው አይተው እጃቸውን ያወርዱታል። እየተንገዳገዱ እጃቸውን ወደ ማራገቢያው ማብሪያ ይዘረጋሉ፤ ጣታቸው ሊነካው ሲል ይቆማል።

«ተው… ልጄ ሥራው እንዳይበላሽበት» ይላሉ ለገዛ እጃቸው። «አሁን ይመጣል።»

ማብሪያውን ሳይነኩት ይወድቃሉ።

ጎረቤቱ ቀስ ብለው ሄደው፣ እሳቸውን ያሳሰረውን ልጅ ጭንቅላት ደረታቸው ላይ ያዙት።

«ድምፁን እኮ አልጠቀምበትም ነበር» አለ ልጁ፣ ፊቱን ኮታቸው ውስጥ ቀብሮ። «ሲፈጥን ድምፁ አይሆንም፤ አጥፍቼው ሙዚቃ ነበር የምጨምርበት። ማራገቢያውን ያጠፋሁት ስለለመደብኝ ብቻ ነው።»

እህቱ ተነሥታ ማራገቢያውን አበራችው።