ያልሞከርናት መስመር

መብራቱ ሲሄድ ይዘንጋሽ አልደነገጠችም። እጇን ከኪቦርዱ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና የጠቆረውን ስክሪን አየችው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ የተሠራው ሥራ አብሮት ጠፋ።

«በዚህ ሳምንት ስንተኛው ነው?» አሉ ጋሽ ዳኜ ከደጃፉ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ የኮምፒውተር ክፍሉን የሚከፍቱላት እሳቸው ስለሆኑ፣ ወንበራቸውን በሩ ላይ አድርገው፣ የበግ ጠጉር ባናቸውን ተከናንበው ይቀመጣሉ።

«አምስተኛው፣ ጋሽዬ።»

«ይመጣል። መብራት ነው፤ እንደ ሰው ተቀይሞ አይቀር።»

ይዘንጋሽ ፈገግ ለማለት እንኳ አቅም አጣች። እሷና የክፍል ጓደኛዋ ደመላሽ ይህን ሥራ ከጀመሩ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ሁለቱም አሥረኛ ክፍል ናቸው። ወደ ከተማቸው ሞላሌ አሥር አሮጌ ኮምፒውተሮች ከአዲስ አበባ ሲመጡ የተጫነባቸው ሊኑክስ ነበር፤ ማንም በነፃ ወስዶ፣ ውስጡን ከፍቶ አይቶ ሊያስተካክለው የሚችል ሥርዓት። አብሯቸው የመጣው ነጭ የኢንተርኔት ሞደም ግን የሚሠራው ሌላ ሥርዓት በተጫነበት በርዕሰ መምህሩ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ሊኑክሶቹ ላይ ሲሰካ ትንሿ መብራቱ ብልጭ ብላ ዝም ትላለች።

ምክንያቱን ያገኘችው ይዘንጋሽ ነች። ሞደም ሲሰካ መለያ ቁጥሩን ይናገራል። ከርነል በሚሉት በሥርዓቱ እምብርት ውስጥ ደግሞ ሞደሞችን የሚያናግር ድራይቨር አለ፤ ድራይቨሩ የሚያውቃቸውን ቁጥሮች ዝርዝር ይዟል። የእነሱ ሞደም ቁጥር ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። የሚጎድለው አንድ መስመር ነው። መስመሯን ለመጻፍ አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። ከዚያ በኋላ ግን ከርነሉ በሙሉ እንደገና መገንባት አለበት፤ ይህ ደግሞ በእነዚህ ማሽኖች ዘጠኝ ሰዓት ይወስዳል። በዚያ ሁዳዴ መብራት ዘጠኝ ሰዓት አከታትሎ የቆየበት ቀን የለም።

የኮምፒውተር አስተማሪያቸው መምህር አፈወርቅ «ግዴለም፣ ቢቋረጥም ካቆመበት ይቀጥላል» ብለዋቸው ነበር። አልቀጠለም። በተነሣ ቁጥር ከአንድ ይጀምራል።

ደመላሽ ቆሎ እየቆረጠመ ገባ። ማሽኑን ሲያይ ማኘኩን አላቆመም።

«ጠፋ አይደል? ተይው በቃ። አልቋል።»

«ምኑ?»

ከጃኬቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ፊቷ አስቀመጠው። ትናንት በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ያተመው መልእክት ነው። የላከው፣ መስመሯን ቀደም ብለው የላኩለት፣ ያንን ድራይቨር የሚጠብቀው ሰው ነው፤ አገሩን እንኳ አያውቁትም። ይዘንጋሽ እንግሊዝኛውን በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። «አመሰግናለሁ። ይህ ሞደም እኔ ዘንድ የለም፤ የማውቀውም ሰው የለውም። ሞክረነው ሠርቷል ስላላችሁኝ፣ ቃላችሁን ይዤ ሰኞ ለሁሉም በሚወጣው አዲሱ ከርነል ውስጥ አስገባዋለሁ» ይላል። ከግርጌው፣ የሠራችውና የሞከረችው ተብሎ ሁለት ቦታ ስሟ ተጽፏል፤ ይዘንጋሽ ወንዳፈራሁ።

«ሞክረነዋል ያለው ማነው?»

«እኔ። ረቡዕ ጠየቀን፣ መለስኩለት።»

«አልሞከርነውም እኮ።»

«አንድ መስመር ነች፣ ይዜ። ቁጥሯን አሥር ጊዜ አይተናታል። ምን ትሆናለች ብለሽ ነው?»

«በኔ ስም?»

«የጻፍሻት አንቺ ነሻ። የራሴን ባደርግ ደግሞ ሌባ ልትዪኝ ነው።» ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ስሚ፣ መምህር እስከ ማክሰኞ ካልሠራ ሞደሙን ለሌላ ትምህርት ቤት እናስረክባለን ብለዋል። ገባ የሚል መልእክት ካሳየናቸው ይጠብቁናል። እኔ ደክሞኛል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከትምህርት በኋላ እዚህ ተገትሬ፣ ከአንድ ጀምሮ ሲቆጥር ሳየው ቀፈፈኝ።»

ልትቆጣው ፈልጋ ነበር። ዓይኖቹ ግን ቀልተዋል፤ የጃኬቱ እጅጌ ኪቦርዱ ሥር ካለው አቧራ የተነሣ ነጥቷል። የእሷም የፊዚክስ ደብተር ከተከፈተ ሰንብቷል፤ ፈተናው ግንቦት ላይ ነው። ወረቀቱን መልሳ አጠፈችው።

«መጀመሪያ እኔን አትጠይቀኝም ነበር?»

«ብጠይቅሽ እንቢ ትያለሽ» አለ ደመላሽ።

መብራቱ ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። ይዘንጋሽ ማሽኑን አስነሥታ እንደ ልማዷ ቀኑን መሙላት ጀመረች። በውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስለሞተች መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ይጠፋበታል። ዓመት 2003፣ ወር 7፣ ቀን 17። ሰዓት ስምንት። መጋቢት አሥራ ሰባት። ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ መምህር አፈወርቅ ይህን ሥራ ለእሷ ሰጥተዋታል፤ አንድም ቀን አዛብታ አታውቅም።

ግንባታውን አስጀመረች። ጋሽ ዳኜ ብርዱ ሲጠናባቸው ገብተው ከኋላዋ ቆሙ።

«ይቺ መስመር» አሉ በከዘራቸው ስክሪኑን እያመለከቱ፣ «ሁልጊዜ መጀመሪያ ላይ ትመጣለች። ምን ትላለች?»

«ማስጠንቀቂያ ነች፣ ጋሽዬ። እናልፋታለን። ፋይሉ የተጻፈው ገና ባልመጣ ጊዜ ነው ትላለች።»

«ባልመጣ ጊዜ?»

«አዎ።»

ጋሽ ዳኜ በልጅነታቸው ከቤተ ክርስቲያን የበዓላትንና የአጽዋማትን ቆጠራ ተምረዋል፤ ፋሲካ ስንት ቀን እንደቀረው ሰፈሩ የሚጠይቀው እሳቸውን ነው። ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ።

«ፋይሉን የጻፈው ፈረንጅ ነው?»

«ፈረንጆች ናቸው።»

«እንግዲህ እነሱ ከጥር ወዲህ በስምንት ዓመት ይበልጡናል። አሁን ሁለት ሺህ አሥራ አንድ ላይ ናቸው። አንቺ ማሽኑን ስንት ላይ ነህ አልሽው?»

ይዘንጋሽ ወደ ስክሪኑ ዞረች። የከርነሉ ቁራጮች አንድ በአንድ እየተገነቡ ያልፋሉ። ማሽኑ ለእያንዳንዷ ቁራጭ ቀን ይጽፍባታል። ሲነሣ ደግሞ ከተገነባችበት ፋይል፣ ከምንጩ ጋር ያስተያያታል፤ ምንጩ ከእሷ በኋላ የተነካ ከሆነ አርጅታለች ብሎ እንደገና ይገነባታል። ምንጮቹ 2011 ይላሉ። የገነባው ሁሉ 2003 ይላል። እንግዲያው ስንት ሰዓት ቢሠራ፣ በተነሣ ቁጥር የሠራው በሙሉ ስምንት ዓመት ያረጀ ይመስለዋል።

ደመላሽ መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። አልሰማቸውም። ዝም ብላ ቀኑን ብታስተካክል ማንም አያውቅም፤ ጋሽ ዳኜም ለሰው የሚናገሩ አይደሉም። ጥፋቱ እንደ እስካሁኑ የመብራት ሆኖ ይቀራል።

«ደመላሽ።»

«ወይ።»

«መብራቱ አይደለም» አለች። «ከአንድ የማስጀምረው እኔ ነኝ። ቀኑን በኛ አቆጣጠር እየሞላሁለት ነው።»

አስረዳችው። ሁለት ጊዜ ማስረዳት ነበረባት። ሲገባው ቁጭ አለ።

«ሦስት ሳምንት?»

«ሦስት ሳምንት።»

ደመላሽ ተነሥቶ ወጣና ደረጃው ላይ ጀርባውን ሰጥቷቸው ተቀመጠ። ጋሽ ዳኜ ልጁንም እሷንም አላዩም፤ ባናቸውን አስተካክለው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ደመላሽ ሲመለስ ፊቱ ፈታ ብሏል።

«በቃ፣ ጥሩ ነው እኮ» አለ። «ቀኑን አስተካክይው። አሁን ቢቋረጥም ይቀጥላል። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ያልቃል፤ ሰክተን እንሞክራለን። ሰውየው ሰኞ ሲያስገባው ውሸት አይሆንም። ማን ያውቃል?»

ይዘንጋሽ አሰበችበት። ደስ ይላል። ማንም አይጎዳም፣ ማንም አያፍርም፣ ሞደሙም ይቆያል።

«ነገ ባይሠራስ?»

«ይሠራል።»

«ባይሠራስ፣ ደሜ? ዓለም ላይ ያንን ሞደም የሚሰካ ሁሉ የኔን ስም ነው የሚያገኘው።»

«ያኔ ትጽፊለታለሽ።»

«ያኔ የምጽፍለት አይመስለኝም» አለች ቀስ ብላ። «ሞደሙ ሊሄድብን ሲሆን፣ መምህርም ደስ ብሏቸው ሳያቸው፣ ያኔ አልጽፍም። ራሴን አውቀዋለሁ።»

ደመላሽ መሬት መሬት አየ።

«አሁን ከነገርሽው ግን የዚህ ዙር ከርነል ያልፈናል። ቀጣዩ ከሦስት ወር በኋላ ነው። የዚያን ጊዜ ተፈትነን ወጥተናል።»

«አውቃለሁ።»

ግንባታውን አቆመችና ወደ ደጃፉ ሄደች። ደክሟት ስለነበር መቃኑን ተደገፈች።

«ጋሽዬ፣ የርዕሰ መምህሩን ቢሮ ቁልፍ ይሰጡኛል? የምልካት መልእክት አለች።»

ጋሽ ዳኜ ለምን ብለው አልጠየቁም። ከወገባቸው ፈትተው ሰጧት።

ደብዳቤው አራት መስመር ነበር፤ ለአራቱ መስመር ግን መዝገበ ቃላቱን ብዙ ጊዜ ገለጠች። አልሞከርነውም፤ ሞክረነዋል ያልንህ ስህተት ነው። ስሜን ከሠራችው ላይ ተወው፣ ከሞከረችው ላይ አውጣው። ስንሞክረው እንጽፍልሃለን፤ ባይሠራም እንጽፍልሃለን። የደመላሽን ስም አላነሣችም። ከሥሩ የራሷንና የአባቷን ስም ጻፈችና ላከችው። ሞደሙ ጠረጴዛው ላይ ብልጭ እያለ ቆየ፤ መስመሩ ቀርፋፋ ነው። እስኪሄድ ድረስ እጇን ጉያዋ ውስጥ አድርጋ ጠበቀች።

ስትመለስ ደመላሽ ማሽኑ ፊት ተቀምጧል። ዞር ብሎ አላያትም። ዓመቱን ለውጦ 2011 ብሎታል፤ ወሩ ላይ ሲደርስ ቆሟል።

«ዛሬ በፈረንጅ ስንት ነው?»

«ማርች ሃያ ስድስት» አሉ ጋሽ ዳኜ ከደጃፉ፣ ጣታቸውን ሳያጥፉ።

ደመላሽ ሞላውና ግንባታውን እንደገና አስጀመረ። ከዚያ ኪሱ ውስጥ የቀረችውን ቆሎ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሳትና በመዳፉ ጠርዝ ለሁለት ከፈላት።

«ሂጂ፣ ፊዚክስሽን አንብቢ። ተራው የኔ ነው።»

ይዘንጋሽ ሌላ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ደብተሩን ከቦርሳዋ አውጥታ ጉልበቷ ላይ ከፈተችው። ቁራጮቹ ከአንድ መቆጠር ጀመሩ።