በጥቁሩ ቀለም ስር

«ብሩሽ! እስከ አስራ አንድ ሰዓት ትደርሻለሽ አይደል? ገዢው መጥቶ በር ላይ ቆሟል!» አለ ታላቅ ወንድሟ፣ ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ እያስደገፈ።

«አንተ ብቻ አትነዝንዘኝ፤ ጉድ ታያለህ!»

ብሩሽ ብሎ ስም ያወጣላት እሱ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ የጓሮዋ ጠባብ ክፍል የእሷ ግዛት ናት። እሱ አሮጌ ብስክሌት «ከአንድ ሰውዬ» ያመጣል፤ እሷ ፍቃ ትቀባለች፤ እሱ ይሸጣል። እስካሁን ዘጠኝ ቀብታለች። ሰውዬው ማን እንደሆነ አንዴ ጠይቃ «አርፈሽ ቀለምሽን ቀቢ» ስትባል ተወችው። እውነቱን ለመናገር፣ መተዉ ተመችቷታል። በአስራ አራት ዓመቷ የራሷ ክፍል፣ ያውም ከዚያ ሁሉ ቀለም ጋር! ደስታው እንቅልፍ ነስቷት ነበር።

የዛሬው ጥቁር ነው። የቀባው ሰው ከመቸኮሉ የተነሳ ሰንሰለቱን እንኳ አልማረውም። «ምን ዓይነቱ ግዴለሽ ነው!» እያለች ዘንጉን በብርጭቆ ወረቀት ትፈገፍግ ጀመር። ጥቁሩ ሲለቅ ብርቱካናማ ጭራ ብቅ አለ። ቀጥሎ አንድ ዓይኑን የሚጠቅስ ዓሣ።

ልቧ ድው አለ። ዓሣውን ባለፈው ወር የሳለችው ራሷ ናት፤ ክፍል ውስጥ አብራት ለምትቀመጠው ጓደኛዋ ለረጅሟ፣ ለልደቷ። ረጅሟ ሰኞ ዕለት ብስክሌቷ ከተሰረቀ ወዲህ በእግሯ ስለምትመጣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በየቀኑ ያልፋታል። ትናንት «ሌባው ዓሣዬን እንኳ ቆርጦ ቢመልስልኝ» ስትል፣ ብሩሽም አብራ ሌባውን ስትረግም ነበር።

«ጨረስሽ?» ወንድሟ አንገቱን አስገባ። ዓሣውን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ይሄ የረጅሟ ነው!»

«ቀስ በይ! አንዴ ከቀባሽው እናቱም አታውቀው።»

«እናቱ እኔ ነኛ!»

«ስሚኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ብትናገሪ አብረን ነው የምንጠየቀው። ዘጠኙን የቀባሽው አንቺ ነሽ።» ከዚያ ገዢውን ሊያባብል ወጣ።

ብሩሽ ፈራች። ቢሆንም የብርጭቆ ወረቀቱን አስቀመጠች፤ የጓሮውን በር ከፍታ ብስክሌቱ ላይ ጉብ አለች። ሰንሰለቱ በቀለም ተጣብቆ ተንቋቋ፤ ከዚያ ለቀቀና ብስክሌቱ ቁልቁለቱን ይዞ በረረ። ነፋሱ ፊቷን ሲመታት ፍርሃቱና ደስታው ተቀላቀለባት።

ወደ ረጅሟ ቤት ስትታጠፍ የቀባቻቸውን ጮክ ብላ ትቆጥር ጀመር፦ ቀዩን፣ ባለ ኮከቡን፣ ያንን ትንሽዬ አረንጓዴ የልጅ ብስክሌት… ስትጠየቅ አንዱም እንዳይቀርባት።